የትርሲት ተረኞች

«ትናንት ሌላ ነው ያልሽኝ!» አለች ሶሬቲ። ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው። «ትናንት የእህል ዘር ባንኮችን ታሪክ ለጥናትሽ ያዢ አልሽኝ፣ ያዝኩ። ዛሬ ደግሞ ተይው ትያለሽ። የቱን ልስማ?»

«ትናንት ስለሱ ስታወሪ ትንፋሽ አጥሮሽ ነበር» አለች ትርሲት። «ዛሬ አዛጋሽ። ስለዚህ ተይው አልኩሽ።»

«ስለ ማዛጋቴ ማን ጠየቀሽ?»

«አንቺ! አሁን ‹ምን ላድርግ› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ሶሬቲ፣ ተራሽ አልቋል» አለ ከኋላዋ የቆመው ያቤጽ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ።

«አላለቀም። ላንተማ ቁጭ ብላ ታወራሃለች። ለኔ ሁለት ቃል ወርውራ በሩን ልትዘጋ ነው።»

«እኔ ቀስ ብሎ ነው የሚገባኝ። ምን ላድርግ?»

«ሰማችሁት?» አለ ሀይደር ግድግዳውን ተደግፎ። «እሷንም ምን ላድርግ ይላታል። ይሄ ልጅ ግድግዳ ቢያገኝ ግድግዳውን ይጠይቃል።»

የተሰለፉት ሳቁ። ትርሲት አልሳቀችም። የጥርስ ብሩሿን ይዛ በሩ ላይ እንደቆመች ናት፤ ፊቷን ገና አልታጠበችም። ከሶሬቲና ከያቤጽ ኋላ አምስት ሰዎች አሉ፤ ሌሎቹም ደረጃውን እየወጡ ነው።

«እሺ፣ ሶሬቲ ስሚኝ» አለች። «ዛሬ ምንም አታንብቢ። ስንዴው ውስጥ ውረጂና ዝም ብለሽ ሂጂ። ስትመለሺ መጀመሪያ ያሰብሽውን ነገር ትነግሪኛለሽ።»

«ምን ያህል ልሂድ?»

«እስኪበቃሽ።»

«እሱ ስንት ነው?»

ትርሲት ተነፈሰች። «እስከ ምሳ።»

የሶሬቲ ፊት ወዲያው ተፈታ። «እንዲህ አትዪኝም ነበር?» ብላ ጫማዋን ልትቀይር ሮጠች። ጠቡ አለቀ። ያቤጽ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ።

ማዕከሉ ከአዳባ ከተማ ወጣ ብሎ በስንዴ ማሳ መካከል የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው። አዲስ የዶክትሬት ተማሪዎች ወደየዩኒቨርሲቲያቸው ከመሄዳቸው በፊት ወር ተኩል ያህል እዚህ ይሰነብታሉ። ሲገቡ አስታዋሻቸውን፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ መቼ ምን እንደሚያደርጉ የሚነግራቸውን መሣሪያ፣ ከጆሯቸው ጀርባ ነቅለው ለንብረት ክፍል ያስረክባሉ። ደንቡ የወጣው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በአንድ ዓመት ከቀረቡት የመመረቂያ ጽሑፎች አብዛኞቹ፣ በተለያየ ከተማ በማይተዋወቁ ሰዎች የተሠሩት፣ ያንኑ ጥያቄ ጠይቀው ያንኑ መልስ ይዘው መጡ። ጉዳዩ ሲጣራ ማንም ከማንም አልቀዳም ነበር። እያንዳንዱ አስታዋሹ የነገረውን ነው የሠራው። ከዚያ ወዲህ ዶክትሬት የሚማር ሰው ሦስቱን ዓመት ያለ አስታዋሽ ያጠናል። አዳባ የሚመጣው ይህን ለመልመድ ነው።

ቀላል አልነበረም። ትርሲትና አሥራ አንዱ ጓደኞቿ በገቡ ማግስት ግቢው ውስጥ ቆመው ረፈደባቸው። ደወል የለም፤ የሰዓት ሠሌዳ አልተለጠፈም። የምግብ ቤቱ በር ክፍት ነበር፣ ሽሮው ይሸታል፣ ግን ማንም አልገባም። ከአራት ዓመት ዕድሜያቸው ጀምሮ መራባቸውን የሚሰሙት ከጆሯቸው ጀርባ ነበር። ሶሬቲ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃው በረዶ እስኪሆን አልወጣችም፤ በቃ የሚላት አጥታ። ሀይደር አንድ መጽሐፍ ይዞ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀመጠ፤ በማግስቱ ጠዋት ዓይኑ ደም መስሎ እዚያው ወንበር ላይ ተገኘ። «ማቆም እንዳለብኝማ አውቄ ነበር» አለ። «የቱ ገጽ ላይ እንደሆነ ነው ያላወቅኩት።»

የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ኩምሳ ጠዋት ጠዋት ከጓሮ ጎመን ሲያጠጡ የሚታዩ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ናቸው። የአቀባበል ንግግራቸው አጭር ነበር። «ቤተ መጻሕፍቱ እዚያ ነው፣ ምግብ ቤቱ እዚያ። በመጨረሻው ቀን ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። መጀመሪያ ስለ ጥናታችሁ ይጠይቋችኋል። ከዚያ ነገ ጠዋት ምን ታደርጋላችሁ ይሏችኋል። ሁለቱንም የመለሰ ያልፋል። ያልመለሰ አስታዋሹ ይመለስለታል፤ ሥራም እሱ ይመርጥለታል፤ ሁለተኛ ጊዜ እዚህ አይመጣም። እንኳን ደህና መጣችሁ።»

ያቤጽ እጁን አወጣ። «አሁንስ ምን እናድርግ?»

ዶክተሩ በጥሞና አዩት። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉና ወደ ጎመናቸው ሄዱ።

ነገሩ የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ያቤጽ ከደብረ ማርቆስ የመጣ፣ ስለ አሮጌ ድልድዮች ማጥናት የሚፈልግ፣ ትከሻው ሰፊ ሆኖ ሲራመድ ግን ለሁሉም መንገድ የሚለቅ ልጅ ነው። ትርሲት የምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ሲያይ አየችው። «ምን ያቆምሃል? ግባና ብላ» አለችው። እንደ ቀልድ ነበር ያለችው። ያቤጽ ግን እንባው ቀረበ። ገብቶ በላ፣ ሳህኑን አጠበ፣ ተመልሶም ፊቷ ቆመ። «ከዚህ በኋላስ?»

«ከዚህ በኋላ… ትንሽ አረፍ በልና ስለ አንዱ ድልድይ ንገረኝ።»

ነገራት። የነገራትን ሰምታ የሚቀጥለውን ነገረችው። በማግስቱ ሶሬቲን ይዞ መጣ። ሳምንት ሳይሞላ በትርሲት በር ላይ ሰልፍ ሆነ።

ትርሲት ይህን ነገር የት እንደተማረችው ታውቀዋለች። ያደገችው ጨንቻ፣ ተራራ ላይ ነው። ጨንቻ ጉም ሲወርድ የሰው ሁሉ አስታዋሽ በአንድ ጊዜ ዝም ይል ነበር። ያኔ ታናናሾቿ ባሉበት ደርቀው ሲቀሩ፣ አንተ ጃኬትህን ልበስ፣ አንቺ እንጨት ጨምሪ የምትለው እሷ ነበረች። ማን ምን እንደሚፈልግ ፊቱን አይታ ታውቃለች። የሚናገረውን ሳይሆን ሲናገር የሚሆነውን ነው የምታየው። ለሰው መወሰን አይከብዳትም፤ ሠርቶ የሚደክመው ሌላው ነው።

የራሷን ጥያቄ ያገኘችውም እዚያው ጉም ውስጥ ነው። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን የቀርከሃው ሥር ረግረግ የሚሆነው ለምንድን ነው? ቀርከሃ ከጉም ምን ያህል ውሃ ያወርዳል? አስታዋሿን ጠይቃው ነበር። የተለካ ነገር የለም አላትና ወደ ቤት ሥራዋ መለሳት። ከጥቂት ዓመት በኋላ የጨንቻ ሰው አስታዋሽ ሁሉ ቀርከሃውን ነቅሎ ፖም መትከል እንደሚያዋጣ መከረ። ምክሩ ለእያንዳንዱ ቤት ለብቻው ሲታይ ስህተት አልነበረበትም። ሁሉም ነቀለ። ምንጩ ቀጠነ። ለምን ቀጠነ ብሎ የጠየቀ የለም፤ አስታዋሾቹ ከታችኛው ሰፈር ውሃ የሚቀዳበትን ሰዓት ነግረዋቸው ነበርና። በተራራው ላይ ቀርከሃ የቀረው የአጎቷ የሶርሳ ማሳ ላይ ብቻ ነው። አጎቷ ሸምግሏል። ልጆቹ በሚመጣው በጋ ሊነቅሉት ወስነዋል፤ ማለትም ተወስኖላቸዋል። ስለዚህ ልኬቱ የሚሠራ ከሆነ የሚሠራው በዚህ ክረምት ነው። ከሐምሌ በፊት ጨንቻ መድረስ አለባት።

ይህን ሁሉ ታውቃለች። ከምን እንደምትጀምር ግን አታውቅም። በየቀኑ ዛሬ አስብበታለሁ ትላለች፤ በየቀኑም በሩ ይንኳኳል። ሲንኳኳ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይላታል።

የሶሬቲ ጠብ በነበረበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ዶክተር ኩምሳ ከጓሮ ጠሯት። የውሃውን ጎማ አስያዟትና አረም ለመንቀል ጎንበስ አሉ።

«ጠዋት ምን ሆናችሁ ነው ስትጮኹ የነበረው?»

«ምንም አይደለም ዶክተር። ተራ ነው።»

«የተራ ጠብ?»

ትርሲት ጎማውን ከአንዱ ጎመን ወደ ሌላው አዞረች። «ያውቃሉ ማለት ነው።»

«ከጅምሩ።»

«ታዲያ ለምን አልከለከሉንም?»

«መከልከልም ያው ማስታወስ ነው። ብከለክላችሁ በማግስቱ የምትሰለፉት በኔ በር ነበር።» አረሙን አራግፈው ጣሉ። «ሥራቸውን አይቻለሁ። የያቤጽ ሐሳብ፣ ያ ‹ሰው ራሱ ሠርቶ የሚጠግነው ድልድይ› ያለው፣ ለኔ ቢመጣልኝ የምኮራበት ነው። ካለፉት ዙሮች ሁሉ እናንተ ትሻላላችሁ። አዲስ አበባ ያሉት አለቆቼም ይህን ሰምተዋል።»

«ማን ነገራቸው?»

«እኔ። ይጠይቁኛል፣ እናገራለሁ።» ቀና አሉ። «እዚሁ እንድትቀሪ ይፈልጋሉ። በየዙሩ የሚመጡትን እንድትይዢ። እነዚህ አሥራ አንዱም ሦስቱን ዓመት ጠዋት ጠዋት ይደውሉልሻል። እንደዚያ ከሆነ ሁሉም ያልፋሉ፤ ነገ ጠዋት ምን ታደርጋለህ ሲባሉ መልሱ አላቸው። ለአንቺ ያ ከጓሮ በኩል ያለው ቤት ይሰጥሻል፤ ደመወዙም ደህና ነው።»

«ትምህርቴስ?»

«ይቀራል። ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ አንቺም አታጪውም።»

ውሃው አንድ ቦታ ላይ ወርዶ ኩሬ ሠርቶ ነበር። ትርሲት ጎማውን አነሳች። «እንቢ ብልስ? እነሱስ?»

«አንዳንዶቹ ያልፋሉ። አንዳንዶቹ አያልፉም።»

«እነማን?»

«እኔ አላውቅም። ፊት የምታነቢው አንቺ ነሽ።»

አሰበች። የያቤጽ ፊት መጣባት። ከዚያ አጎቷ ሶርሳ ከቀርከሃው ሥር ቆሞ እጁን ሲዘረጋ፣ ጠብታው መዳፉ ላይ ሲያርፍ ታያት።

«ዶክተር፣ እርስዎ በኔ ቦታ ቢሆኑ…»

ዶክተር ኩምሳ ቧንቧውን ዘጉትና ጠበቁ። ትርሲት ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ጎማውን መጠቅለል ጀመረች።

«እንኳን ተውሽው» አሉ። «ልመልስልሽ ነበር። እኔም ሰው ነኝ።»

ሀይደር የማይሰማው ነገር የለም። ማታ እራት ላይ ወሬው ከሷ ቀድሞ ጠበቃት። ምግብ ቤቱ ስትገባ አጨበጨቡላት፤ ሶሬቲ አቅፋ ሳመቻት፤ ከአሶሳ የመጣው ልጅ ሳህኗን ተቀብሎ ወጥ ጨመረላት።

«አልተስማማሁም እኮ» አለች ስትቀመጥ።

ጭብጨባው ባንዴ አልቆመም፤ ከበሩ ወደ መስኮቱ ቀስ በቀስ ነው የሞተው።

«አልተስማማሁም ማለት ምን ማለት ነው?» አለች ሶሬቲ።

«ጨንቻ መሄድ አለብኝ። ለጉሙ።»

«ለጉሙ!» አለ ሀይደር። «ጉም በምንድን ነው የሚለካው? በኩንታል?»

«በሊትር።»

ሁሉም ሳቁ። ትርሲት በቁም ነገር ነበር ያለችው፤ ይህን ሲያዩ ደግሞ ሳቁ።

«ትርሲትዬ» አለች ሶሬቲ፣ እጇን ይዛ፣ በእውነት ለስላሳ ድምፅ። «እኛ እኮ ሰዎች ነን። ጉሙ አንቺን ምን ላድርግ ብሎ አይጠይቅሽም። እኛ ግን ያላንቺ እንዴት እንሆናለን? አስቢው።»

«እሷ ታስብ?» አለ ሀይደር። «ማሰቧማ ነው ጉዱ። እስካሁን ለኛ ስታስብ አልነበር፤ አሁን ለራሷ ልታስብ ነው። የዶክተሩ በሽታ ተጋብቶባታል ማለት ነው።» ግን እሱም ከቀልዱ በኋላ ሹካውን አስቀምጦ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ።

ሰው ሲበተን ያቤጽ ትርሲት ሳህን ወደምታጥብበት መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«አስቸግሬሻለሁ አይደል?»

«አላስቸገርከኝም።»

«አስቸግሬሻለሁ። ከሁሉም በላይ እኔ ነኝ የምመላለሰው።» ሳህኑን ተቀብሏት ማድረቅ ጀመረ። «አንድ ነገር ልንገርሽ? ቤት እያለሁ አስታዋሼ ሲናገር እሰማዋለሁ እንጂ ደስ አይለኝም፣ አይከፋኝም። አንቺ ስትነግሪኝ ደስ ይለኛል። ለምን ይመስልሻል?»

መልሱን ታውቀው ነበር። «እንጃ» አለችው።

ፈተናው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ትርሲት በሯን ከውስጥ ቆለፈች።

ተንኳኳ። አልተነሳችም። ደግሞ ተንኳኳ። ከዚያ ቆመ፤ ግን የሄደ የለም። ከበሩ ሥር ጥላቸው ይታያል። ማንም አልተቆጣም፤ ሲቀያየሙም አልሰማቻቸውም። ኮሪደሩ ወለል ላይ ግራና ቀኝ ተደርድረው ተቀመጡ እንጂ።

አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ እነሱ እሷን እንደሚጠይቋት ራሷን ጠየቀች። ምን ላድርግ? ምንም አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ ለመረዳት ጊዜ ፈጀባት። ለሰዎቹ የምትነግራቸውን ከፊታቸው ላይ ነበር የምታገኘው። አሁን የሚታይ ፊት የለም። አልጋ፣ ወንበር፣ መስኮት አለ። መስኮቱ ላይ ቀጭን ነጭ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ባሻገር ከባሌ ተራሮች የወረደ የጠዋት ጉም ስንዴውን እስከ ወገቡ ውጦታል።

መጋረጃውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው።

በሩን ስትከፍት ሁሉም ተነሱ።

«ዛሬ የለሁም» አለች።

«እስከ ስንት ሰዓት?» አለች ሶሬቲ።

ትርሲት አልመለሰችላትም። የመጋረጃውን ጫፍ እንዳይጎተት ሰብስባ በመካከላቸው አለፈች። ምግብ ቤት ገብታ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ለመነች። ከግቢው ኋላ የስንዴው አጥር ጋ ሁለት ቋሚ እንጨቶች መርጣ መጋረጃውን ከነፋሱ ፊት ለፊት ወጥራ አሰረችው፣ ከታች ሳህኑን አደረገች። ተቀመጠች። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ጨርቁ ጠቆረ። ከዚያ ከታችኛው ጠርዝ አንድ ጠብታ ተንጠልጥላ ቆየች፣ ወደቀች። ትርሲት ጠብታ ስትወድቅ አይታ የማታውቅ ይመስል ወደ ሳህኑ ተደፋች። ጨርቁ ተወላግዶ ስለነበር ውሃው ከሳህኑ ውጪ ይንጠባጠባል፤ ተነስታ አስተካከለችው። ግራው ከቀኙ ይልቅ ለምን እንደሚያንጠባጥብ አላወቀችም፤ ቦታ ቀያየረችው። አንድ ጊዜ ቋጠሮው ተፈትቶ ሁሉም ወደቀ፤ ብቻዋን ተሳደበች፤ እንደገና አሰረች።

በመሐል ቀና ስትል ያቤጽ ከግቢው ጥግ ቆሞ ያያታል። ሩቅ ስለነበር ፊቱ አይታይም። እጇን ብታነሳ እንደሚመጣ ታውቃለች። ና ማለት እንኳ አያስፈልግም። እጆቿን ጭኗ መካከል ከተተቻቸው። ቆይታ ስታይ ሄዷል።

ጉሙ ሲገለጥ ሳህኑ ውስጥ አንድ ብርጭቆ የሚሞላ ውሃ ነበር። ጠጣችው። የሳሙና ጣዕም ነበረው።

በማግስቱ ሦስቱ ሰዎች መጡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ። ዶክተር ኩምሳ ጥግ ላይ ተቀመጡ። ተማሪዎቹ በየተራ ይገባሉ፤ የቀሩት ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ይጠብቃሉ። ማንም ከትርሲት ጋር አላወራም፤ አኩርፈው ሳይሆን ምን እንደሚሏት ስላላወቁ።

ሀይደር ሲገባ የፈራ፣ ሲወጣ የሰከረ ይመስል ነበር። «ነገ ጠዋት ምን ታደርጋለህ አሉኝ። መጽሐፍ እከፍትና ሲሰለቸኝ እዘጋለሁ አልኳቸው። መቼ እንደሚሰለችህ በምን ታውቃለህ አሉኝ። አንድ መጽሐፍ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጬ አጥንቼዋለሁ አልኳቸው!» አልፏል።

ሶሬቲ እያለቀሰች ወጣች። ትርሲት ደንግጣ ተነሳች።

«አለፍኩ» አለች ሶሬቲ አፍንጫዋን እየጠረገች። «የዘር ባንኮቹን ነው የነገርኳቸው። አንቺ ተይው ያልሽኝን። ትናንት በርሽ ላይ ተቀምጬ ሳስበው፣ ያዛጋሁት እንቅልፍ አጥቼ ስላደርኩ ነበር። ስለሱ ሳነብ ነው ያደርኩት። ተሳስተሽ ነበር።» የመጨረሻውን ቃል ያለችው በድል ነው፤ ወዲያው ደግሞ አቀፈቻት።

ትርሲት እቅፏ ውስጥ እንዳለች አንድ ነገር ቀለላት፣ አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ወጋት። የትኛው የቱ እንደሆነ አልለየችውም።

ከሌሎቹ ሁለቱ ወደቁ። አንዷ ስትወጣ ቀጥታ ወደ ንብረት ክፍል ሄደች፤ ስትመለስ ፊቷ እንደ ድሮው ነበር፤ መኪና የሚነሳበትን ሰዓት ታውቃለች፣ ምን መልበስ እንዳለባት ታውቃለች። ከዚያ ያቤጽ ተጠራ።

ከሌሎቹ ይልቅ ቆየ። ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ምን አልካቸው?»

«ስለ ድልድዩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወደዱት። ሽማግሌው የሣልኩትን ሥዕል ደግሞ አየው።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ከዚያ ነገ ጠዋትስ አሉኝ።»

«እሺ?»

«ስነቃ አያለሁ አልኳቸው።»

«ጥሩ ነው እኮ!»

«ለኔም ጥሩ መስሎኝ ነበር። ሰብሳቢዋ ማን ነው የሚቀሰቅስህ አለችኝ። ያኔ ወደ በሩ ዞርኩ።» ፈገግ አለ። «አንቺን ፍለጋ መሰላቸው።»

«አልነበረም?»

«ነበር።»

ከውስጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«ንብረት ክፍል ሂድ ተብያለሁ» አለ።

ትርሲት የምትለው ሁሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ሂድ፣ ውሰደው፣ እናትህ ጋ ደውል፣ ነገ አርፈህ ተኛ፤ እኔ ጨንቻ ስደርስ እጠራሃለሁ፣ የሚታሰር ነገር ይኖራል፣ አንተ ጥሩ ታስራለህ። አንዱም ውሸት አልነበረበትም። የሚቀራት ጥያቄው ብቻ ነበር። ያቤጽ ወደሷ ዞረ፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

«አልጠየቅኩሽም» አለ።

በሩ ተከፍቶ ስሟ ተጠራ። ትርሲት ተነስታ ገባች።

ስለ ቀርከሃው ነገረቻቸው። ስለ ምንጩ፣ ስለ ፖሙ፣ ስለ አጎቷ ማሳ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ጨንቻን ያውቅ ነበርና ራሱን ነቀነቀ። ሰብሳቢዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ነገ ጠዋት ምን ታደርጊያለሽ?»

«መጋረጃ እዘረጋለሁ።»

«የምን መጋረጃ?»

«የክፍሌን። ትናንት አውርጄዋለሁ፤ ዶክተር ኩምሳ ካላስከፈሉኝ ይዤው እሄዳለሁ። ከጨርቅ ቀርከሃ ይሻል እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ ጨርቁን ማወቅ አለብኝ። ትናንት ግራው ከቀኙ ለምን እንደሚበልጥ አልገባኝም። ነገ እሱን አያለሁ።»

«ለምን በመጋረጃ ጀመርሽ?»

«መስኮቴ ላይ ስለነበረ።»

ዶክተር ኩምሳ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሰብሳቢዋ እሳቸውን አንድ ጊዜ አይታ ወደ ትርሲት ተመለሰች። «የቀረበልሽን ሥራ ሰምተናል። ሰዎቹ ያስፈልጉሻል ብለን ነበር። ማለቴ አንቺ ታስፈልጊያቸዋለሽ።»

«የመጀመሪያውም ልክ ነበር» አለች ትርሲት። «ያስፈልጉኝ ነበር።»

በዚያው ሰዓት ያቤጽ ቦርሳውን ይዞ ደረጃውን ወረደ። የንብረት ክፍሉ በር ክፍት ነው። ሠራተኛዋ ጠረጴዛዋ ላይ ምሳዋን እየበላች ነበር፤ አስታዋሿ ቀስ ብለሽ አኝኪ ያላት ይመስል፣ ዓይኗን ጨፍና ታኝካለች። አስታዋሹን ሳይወስድ በፊቷ አለፈ። ግቢው መካከል ያለፉትም የወደቁትም ሀይደርን ከበው ነበር፤ ሀይደር ሽማግሌው መነጽሩን ሲያስተካክል እያስመሰለ ያሳያቸዋል። ሶሬቲ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ስለነበር ያቤጽ ሲመጣ ሰበሰበችለት፤ ካለፈ በኋላ መልሳ ዘረጋችው። ሳቋን አላቋረጠችም።

ከበሩ ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ቆመ። በቀኝ በኩል መንገዱ ወደ ሻሸመኔ፣ ከዚያም ወደ አገሩ ይወስዳል። በግራ በኩል ግን ያቤጽ የትም ሄዶ አያውቅም። አንድ ስንዴ የጫነ መኪና አለፈ፣ ከኋላው አንድ ባጃጅ። ያቤጽ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ትንሽ ቆየና መንገዱን ተሻግሮ በግራ በኩል ሄደ።

ላይ፣ ክፍሉ ውስጥ፣ ሽማግሌው ሰውዬ በአንድ ጠዋት ስንት ሊትር ውሃ እንደምትጠብቅ ትርሲትን እየጠየቀ ነበር።